ለጀማሪ የሚሆን ቀይ ወይን

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ወለቴ የስኳሩን ዕቃ እንደ ልማዳቸው ወደ ባላቸው ገፋ አድርገው፣ የራሳቸውን ሻይ አንድ ጊዜ ፉት ካሉ በኋላ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ለዛሬ ማታ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይግዙልኝ፤ ለጀማሪ የሚሆን» አሉ። አቶ ብርሃነመስቀል ወደ አፋቸው ያስጠጉትን ብርጭቆ ባለበት አቆሙት። እኒህ ሴት ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ይግዙልኝ ብለው አያውቁም። ነጠላ ሲያረጅ ባልየው አይተው ይገዛሉ፤ ጫማ ሲቀደድም ባልየው አይተው ይገዛሉ፤ ያላዩት እንደሆነ ሳይገዛ ይከርማል። በዚህ ቤት ጠጅ ተጥሏል፣ ጠላ ተጠምቋል፣ ለዘመን መለወጫና ለሚካኤል የመጣ እንግዳ ሁሉ ጠግቦ ጠጥቶ ተሸኝቷል። ቀይ ወይን ግን ከአንድ ሁለት የመሥሪያ ቤት ግብዣ በስተቀር አባወራው ራሳቸው በቅጡ አያውቁትም። «ጀማሪው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። «ማታ ያዩታል» አሉ ወይዘሮ ወለቴ፤ ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆዎቹን በሰርቪስ ትሪው ላይ ሰበሰቡና ወደ ማድ ቤት ገቡ።

አቶ ብርሃነመስቀል ከወንበራቸው አልተነሡም። በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር በሴቻ ያለው ቤታቸው ሳሎን ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፤ ቆርቆሮው መንጫጫት የሚጀምረው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ከግድግዳው ላይ የርዕሰ መምህርነት የምስጋና ወረቀታቸው በመስታወት ተሰቅሏል፤ ከጎኑ የመልአኩ የሚካኤል ሥዕል፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ሴት ልጃቸው ጸዳለ ባርኮት ከሚባለው ባለቤቷ ጋር በሠርጓ ቀን የተነሣችው ፎቶግራፍ። ዓይናቸው ከፎቶግራፉ ላይ ሲያርፍ ነገሩ በአንድ ጊዜ ተገለጠላቸው። ማታ እራት የተጠራው እንግዳ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የባርኮት አባት አቶ ገነነ። አቶ ገነነ የገረሴ ሰው ናቸው፤ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ የእህል ነጋዴ፣ በወንጌላውያን ጸሎት ቤታቸውም የተከበሩ ሽማግሌ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ለነገው ፕሮግራም ምግብ ስለሚያዘጋጁ አቶ ገነነ ብቻቸውን እንደሚመጡ ነግረዋል። ልጆቹ ከተጋቡ ወዲህ እኒህ ሰው ከዚህ ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ጠጅ ሊቀዳላቸው ማሰሮው ዘንበል ባለ ቁጥር ግን በፈገግታ መዳፋቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ ይከድናሉ። ቃል አይናገሩም፤ መዳፋቸውን ብቻ። አቶ ብርሃነመስቀል በዕድሜያቸው ብዙ ስድብ ሰምተው ረስተዋል፤ ያን መዳፍ ግን ሊረሱት አልቻሉም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ብርጭቆዬ ላይ፣ የሚሉት ነገር በሆዳቸው ይብላላ ነበር። እንግዲህ ሰውየው በስተርጅና ልባቸው ተመለሰና፣ ለባል መንገር ቢያፍሩ ለሚስት ነግረው ይሆናል። ሌላ ጀማሪ ከየት ይመጣል? አቶ ብርሃነመስቀል ደነገጡ፤ ድንጋጤያቸው ግን ደስ የሚል ድንጋጤ ነበር። ኮታቸውን ለበሱ፣ ከዘራቸውን አነሡ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጎረቤታቸው ወደ አቶ ሽመክት ነው። አቶ ሽመክት በዱሮው መንግሥት ጊዜ ቡልጋሪያ ተልከው ግብርና የተማሩ፣ ከትምህርቱ ይልቅ የወይን እርሻውን ወሬ ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከበረንዳቸው ሆኖ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ ዓባያ እንደ ልማዱ ቀልቶ፣ ጫሞ ነጥቶ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ ዛፉን ለብሶ። አቶ ብርሃነመስቀል የመጡበትን ሲናገሩ አቶ ሽመክት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጀማሪ ነው አልክ? ዕድሜው?»

«ስልሳውን አልፏል።»

«ስልሳ ዓመት ያሰበበት ጀማሪ፤ ደግ ነው፤ አልቸኮለም። ማን ይባላል?»

አቶ ብርሃነመስቀል ስሙን ላለመናገር አስበው ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ወሬ በአንድ ሰው ሆድ የሚያድር አልሆነም፤ ተናገሩ። አቶ ሽመክት እስኪያስላቸው ሳቁ። «ገነነ ወይን ጠጣ ማለት የጫሞ አዞ ሣር ጋጠ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን እንደ ሥራ ያዙት። ለጀማሪ ደረቅ የሚባለውን ቀይ ወይን መስጠት ማለት ያልበሰለ ሙዝ ማጉረስ ማለት እንደሆነ፣ አፍን አኮማትሮ ምላስን አድርቆ ሰውየውን ለዘለዓለም እንደሚያስበረግግ አስረዱ። ጥቂት ጣፋጭነት ያለው፣ አፍ ላይ ቀለል ያለ፣ ፍሬ ፍሬ የሚሸት ይሁን፤ አልኮሉ አይክበድ፤ በአርባ ምንጭ ሙቀትም ቀይ ወይን እንደ ሾርባ ሞቆ ስለሚቀርብ ከእራት በፊት ጥቂት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ፤ ሲቀዳም ብርጭቆው አይሙላ። «በተለይ አደራህን» አሉ በመጨረሻ፣ «እየጠጣ ፊቱን አትየው። ጀማሪ ከታየ አይውጥም።»

አቶ ብርሃነመስቀል ወደ ሲቀላ በባጃጅ ወረዱ። በመንገዱ ላይ የሙዝ ጭነት የያዘ አይሱዙ ከምዕራብ ዓባያ ገብቶ መንገድ ዘግቶ ነበርና ባጃጁ ቆሞ ሲጠብቅ ሙቀቱ ኮታቸውን አልፎ ገባ፤ ኮታቸውን ግን አላወለቁም። በየትኛውም ሙቀት ኮት አውልቀው ገበያ ገብተው አያውቁም። ማዕዶት የምትባል ወጣት ሴት የከፈተችው ግሮሰሪ ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ከበሩ ለስላሳ በሳጥን በሳጥን ተደርድሯል፤ ከውስጥ በአንድ በኩል ዘይትና ማካሮኒ፣ በሌላው በኩል ከወገብ በላይ ጠርሙስ ብቻ። ከውጭ የመጣው ወይን ከላይኛው መደርደሪያ ተኝቷል፤ ዋጋውን ሲሰሙ አቶ ብርሃነመስቀል ይህን ከፍሎ የሚጠጣ ሰው ለምግቡ የሚተርፈው የለም ብለው አሰቡ፤ የመጀመሪያ የወር ደመወዛቸው አሥር ጊዜ ቢደመር ይህን አያክልም ነበር። የአገር ውስጡ ከታች ነው፤ እሱም ቢሆን ዱሮ አንድ በግ ይገዛ በነበረ ገንዘብ። ማዕዶት በወረቀት ካርቶን ፊቷን እያራገበች ከባንኮኒው ወጣች።

«ጋሼ፣ ለቤት ነው ለስጦታ?»

«ለጀማሪ ነው። ቀይ።»

«ጉደር ልስጥዎት? እሱ ግን ደረቅ ነው፤ የለመደ ሰው ነው የሚወደው። አክሱሚት ጣፋጭ ነው። መካከለኛም አለኝ፤ ሚዲየም የሚሉት። ሰውየው ሻይ ሲጠጣ ስኳር ስንት ይጨምራል?»

«ምን አገናኘው?»

«እኔ የምመርጠው በሱ ነው፤ ጋሼ። ሻይ በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ደረቅ ብሰጠው ነገ ጠርሙሱን መልሶ ያመጣብኛል። ያለ ስኳር የሚጠጣውን ደግሞ ጣፋጭ ብሰጠው ሽሮፕ ሸጠሽልኝ ይለኛል።»

አቶ ብርሃነመስቀል አቶ ገነነ ሻያቸውን ሦስት ማንኪያ እንደሚያደርጉ ያስታውሳሉ፤ ጠጁን በመዳፋቸው የሚከድኑት ሰው ወደ ስኳሩ ሲሄዱ እጃቸው አይሰስትም። «ሦስት» አሉ፤ ከዚያም ድምፃቸው በራሱ ከፍ አለ፤ የአርባ ተማሪ ክፍል የለመደ ድምፅ ነው። «ጠጪው መጠጥ በአፉ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ አማቼ አቶ ገነነ ናቸው፤ የእህል ነጋዴው። ዛሬ ማታ እኔ ቤት ይጀምራሉ።»

ከበሩ አጠገብ የለስላሳ ሳጥን ስታስቆጥር የነበረች ልጃገረድ ቀና አለች። ሀሌሉያ ትባላለች፤ አቶ ገነነ ሽማግሌ በሆኑበት ጸሎት ቤት በመዘምራን መካከል ከፊት የምትቆመዋ ናት፤ በጸዳለ ሠርግ ላይ ስትዘምር አቶ ብርሃነመስቀል አይተዋታል። ልጅቱ አንዴ ጠርሙሱን፣ አንዴ አቶ ብርሃነመስቀልን አየች፤ ሳጥኑን ሳታስጭን ወጣች። ማዕዶት ማራገቧን አቆመች። «ጋሼ፣ ይህን እዚህ ባይሉት ይሻል ነበር» አለች በዝግታ። አቶ ብርሃነመስቀል ደግ እንዳልሠሩ አልጠፋቸውም፤ ነገር ግን ያ መዳፍ ትዝ ሲላቸው፣ እውነት ቢነገር ምን አለበት፣ ሲሉ ራሳቸውን አጸኑ። ጣፋጩን መረጡ፤ የቡሽ መክፈቻም ጨምረው ገዙ፤ ጠርሙሱን በጋዜጣ አስጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ወደ ሴቻ ወጡ።

ወይዘሮ ወለቴ ጠርሙሱን ተቀብለው ጋዜጣውን ፈቱና ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ብሎ ዋለ፤ ባል ከሬዲዮናቸው ጋር በሳሎኑ፣ ሚስት ከዓሣውና ከዳጣው ጋር በማድ ቤቱ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስታዘቀዝቅ ወይዘሮ ወለቴ ታጥበው፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው ጠረጴዛውን ዘረጉ። ከቁም ሣጥኑ ጥግ ባለ እግር ብርጭቆ አውጥተው ወለወሉና ከራሳቸው ሰሃን አጠገብ አኖሩት። አቶ ብርሃነመስቀል ስሕተት መስሏቸው ብርጭቆውን አንሥተው ከእንግዳው ቦታ አደረጉት። ወይዘሮ ወለቴ ዳጣውን ይዘው ሲመለሱ አዩት፤ አንሥተው ወደ ራሳቸው ሰሃን መለሱት። ባል ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ የሴት ነገር፣ ከራሷ እጅ ልትሰጠው ይሆናል፣ አሉ በልባቸው።

አቶ ገነነ ሲገቡ ሙሉ የሙዝ ዘለላ በትከሻቸው ነበር። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረዘመ፤ የጸዳለ ጤና፣ የባርኮት ሥራ፣ የገረሴ ዝናብ፣ የገብሱ ሁኔታ። ፊታቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። እጅ ታጥበው፣ በየልባቸው ጸልየው፣ ዓሣው ከተቆረሰ በኋላ አቶ ብርሃነመስቀል ቡሹን በብዙ ትግል ነቀሉ። በእንግዳው ፊት የነበረውን የውሃ ብርጭቆ ሳብ አድርገው ጠርሙሱን ዘንበል ሊያደርጉ ሲሉ፣ ያ መዳፍ መጣና ከደነው።

«ዛሬም?» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል።

«ዛሬም፤ ጋሼ» አሉ አቶ ገነነ። «ከሲቀላ ስወጣ ሦስት ሰው አቆመኝ። አንዱ ሳቀብኝ፤ አንዱ መከረኝ። ሀሌሉያ ግን አለቀሰች፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ነገ ከስብከት በኋላ ሽማግሎቹ ይጠይቁኛል። ልናደድ አልመጣሁም፤ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። እኔ ራሴ የማላውቀውን የእኔን ነገር እርስዎ ከየት አወቁት?»

የአቶ ብርሃነመስቀል ጆሮ ጋለ። ጠርሙሱን እንደያዙ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ለጀማሪ ያልሽኝ?»

«አልኩ» አሉ ወይዘሮ ወለቴ። «ጀማሪዋ እኔ ነኝ።» ባለ እግሩን ብርጭቆ በሁለት ጣታቸው ወደ ባላቸው ገፉት። «ይቅዱልኝ።»

አቶ ብርሃነመስቀል ቀዱ፤ ለምን እንደቀዱ አላወቁም፤ እጃቸው ታዘዘ። ቀይ ጠብታ በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ወለቴ ብርጭቆውን አላነሡትም፤ ከፊታቸው አድርገው ተናገሩ፤ ድምፃቸው ጨው አቀብሉኝ እንደሚል ሰው ድምፅ ነበር።

«ነገ ከአስቴር ጋር ወደ እነሱ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ። ልጎበኝ አይደለም፤ ልቀር ነው። እነሱ ዘንድ መጠጥ የለም። ጠላውንም ጠጁንም በእጄ ሠርቼ ቀምሼዋለሁ፤ እሱን ልተው እችላለሁ። ይህን ግን አልያዝኩትም። ሰው የሚተወው የያዘውን አይደለም ወይ? እርስዎ ረስተውት ይሆናል። በተጋባን ዓመት፣ የትምህርት ቤቱ ግብዣ ላይ፣ አንድ መምህር ቀይ ወይን በብርጭቆ ሰጠኝ። ተቀበልኩት፤ ከንፈሬ ሳይነካው ከእጄ ወስደው እርስዎ ጨለጡት። የዳይሬክተር ሚስት በሰው ፊት አትጠጣም አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።»

አቶ ብርሃነመስቀል እውነትም አላስታወሱትም። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጣቸው ይህ ነበር፤ ግብዣውን ያስታውሳሉ፣ የተናገሩትን ንግግር ያስታውሳሉ፣ የለበሱትን ከረባት ሳይቀር ያስታውሳሉ፤ ብርጭቆውን ግን አያስታውሱትም። ወደ አቶ ገነነ ዞሩ፤ የሚቆጡት ሰው ፈለጉ። አቶ ገነነ ግን ከእሳቸው ይልቅ ደንግጠው፣ የቆረሱትን እንጀራ በእጃቸው እንደያዙ ቀርተው ነበር። «እኔ ይህን አላውቅም፤ ጋሼ» አሉ። «አስቴር አልነገረችኝም። በእኔ አፍ የተጠራ ሰው የለም። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«በተክሊል የተጋባን ሰዎች ነን» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል ለሚስታቸው፤ ያ የክፍል ድምፅ ጠፍቶ። «ምን አጎደልኩብሽ?»

«ያጎደሉት የለም። የነበርኩበትንም አላማርርም። እግሬ ተሰብሮ ከዚያ ክፍል በተኛሁ ጊዜ እርስዎ እዚህ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ሬዲዮው ለእኔ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ግን ለእርስዎ አልሰማም ነበር። አስቴር በየቀኑ ከሲቀላ እየወጣች ጸጉሬን ትሠራልኝ ነበር። ስትጸልይ ወለቴ ብላ ነው፤ ስሜን ጠርታ። አንቺ ብቻ ስባል ኖሬ፣ ስሜ ለራሴ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር።» ይህን ብለው ብርጭቆውን አነሡ።

አቶ ሽመክት የጠጪውን ፊት አትይ ብለው ነበር፤ አቶ ብርሃነመስቀል ግን ዓይናቸውን ሊነቅሉ አልቻሉም። በሚስታቸው ፊት ላይ ይህን ያህል ጊዜ ሲያተኩሩ ከስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ አላወቁም። ወይዘሮ ወለቴ ትንሽ ጎነጩ፤ በአፋቸው አቆይተው ዋጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ።

«ጣፋጭ ነው» አሉ።

«ጣፋጭ አይስማማሽም?»

«ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ወይዘሮ ወለቴ አዩአቸው። መልሱ የስኳሩ ዕቃ በየጠዋቱ ወደ ማን እንደሚገፋ ለሚያስታውስ ሰው ግልጽ ነበር። አቶ ብርሃነመስቀል ቀኑን ሙሉ የዞሩት፣ የጠየቁት፣ የመረጡት ሁሉ ለአቶ ገነነ ምላስ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባቸው። አቶ ገነነም ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ዓይናቸውን ወደ ሙዙ ዘለላ መለሱ።

«ቢሆንም ጥሩ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለቴ። እንደገና ጎነጩ፤ አሁን ትንሽ በዛ አድርገው። «እንዲያውም ሳይቀምሱት መተዉ ሳይቀል አይቀርም ነበር።» ፈገግ አሉ፤ ግማሽ የቀረውን ብርጭቆ በጠረጴዛው ላይ ወደ ባላቸው ገፉት። «ቀሪውን እርስዎ ይጨርሱት፤ እንደዚያን ቀኑ።»

ብርጭቆው ከአቶ ብርሃነመስቀል ሰሃን አጠገብ ቆመ።  አባወራው ጀርባቸውን አቀኑ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ አቶ ገነነ ሊያነሡት ነው ብለው አንገታቸውን ደፉ። አቶ ብርሃነመስቀል ግን ብርጭቆውን ከእግሩ ይዘው፣ ጠብታ እንዳይፈስ በጥንቃቄ እያንሸራተቱ፣ ከተነሣበት ቦታ መለሱት።

«ያንቺ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ አዲስ ቃል እንደሚያጠና ተማሪ፣ «ያንቺ ነው፤ ወለቴ» አሉ።

ወይዘሮ ወለቴ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ብርጭቆውን አንሥተው፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ ሥሩ ጠጡት።

«ነገ ለሽማግሎቹ እኔ ራሴ መጥቼ እናገራለሁ» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል ወደ አቶ ገነነ ሳይዞሩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከጸሎት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ፤ አልገባም። እቆማለሁ ግን።» አቶ ገነነ አንገታቸውን ነቀነቁ። ነገ እሑድ ነበር፤ አቶ ብርሃነመስቀል ቅዳሴ ብቻቸውን ሄደው ብቻቸውን እንደሚመለሱ፣ በመንገዱም ሰው ሁሉ ወይዘሮ ወለቴ ደኅና ናቸው ወይ እያለ እንደሚጠይቃቸው አሰቡ፤ የሚሰጡትንም መልስ ሊያዘጋጁ ሞክረው አጡት። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበርና ጠርሙሱን አነሡ። እስከዚህች ማታ ድረስ ለእንግዳ እንጂ ለሚስታቸው ቀድተው አያውቁም ነበር። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ባዶው ብርጭቆ ዘንበል አደረጉት።

ወይዘሮ ወለቴ ቃል አልተናገሩም። በፈገግታ መዳፋቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ ከደኑ።